በመኖሪያ ቤት የሚከማች የንግድ ዕቃና የቤት መድን፦ በኢንተርኔት የሚሸጡ ወገኖች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ዕቃቸውን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ አስተዋውቀው፣ ሒሳቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀብለው፣ ሸቀጡን ከመኖሪያ ቤታቸው አውጥተው ለገዢ የሚያደርሱ ዜጎች በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በርካታ ናቸው። ከፊሎቹ ሥራውን ዋና መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ጨምሮ ሌሎች ደግሞ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን የቤተሰባቸውን ገቢ ለመደጎም ያከናውኑታል።

ይህ የንግድ ዘዴ የሱቅ ኪራይንና የቁልፍ ክፍያን የሚያስቀር፣ በአነስተኛ ካፒታል ለመጀመርም የሚያመች ነው። ይሁንና ሱቁ ሲቀር የሱቁ ስጋት አብሮ አይቀርም፤ ወደ መኖሪያ ቤቱ ይገባል። የእሳት፣ የስርቆትና በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳት ስጋት ቀድሞ ከነበረው በላይ ይጨምራል። ቤቱ መድን (ኢንሹራንስ) የተገባለት ቢሆንም ውሉ የተፈረመው ለመኖሪያ አገልግሎት ብቻ ከሆነ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ የጠበቀውን ካሣ ላያገኝ ይችላል። ከዚህም አልፎ ንግዱ ሆን ተብሎ ከመድን ሰጪው ከተሰወረ የሚጠፋው የሸቀጡ ካሣ ብቻ ሳይሆን የቤቱና የቤት ዕቃው ዋስትና ጭምር ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም የጉዳዩን ሕጋዊ መሠረት፣ ዋና ዋናዎቹን የስጋት ዓይነቶችና ሊወሰዱ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ማወቅ አስፈላጊ ነው።

የቤት መድን ምንን ይሸፍናል?

በአገራችን ዘመናዊ የመድን አገልግሎት በአሁኑ ወቅት በመንግሥትና በግል ኩባንያዎች ይሰጣል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም ሥራውን የጀመረ ሲሆን፣ የግል ባለሀብቶች በዘርፉ እንዲሰማሩ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው። ኩባንያዎቹ ለመኖሪያ ቤት ከሚያቀርቧቸው ሽፋኖች መካከል የእሳትና የመብረቅ መድን፣ ሰብሮ በመግባት ለሚፈጸም ስርቆት የሚሰጥ መድን፣ እንዲሁም እነዚህንና ሌሎች አደጋዎችን በአንድ ውል አጠቃሎ የሚይዝ የቤት መድን ይገኙበታል።

እዚህ ላይ የሕንፃ መድንና የቤት ውስጥ ዕቃ መድን የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። የሕንፃ መድን ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በርና መስኮቱን ይመለከታል። የቤት ውስጥ ዕቃ መድን ደግሞ የቤት ዕቃውን፣ አልባሳቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ቴሌቪዥኑንና የመሳሰለውን የቤተሰብ መገልገያ ይሸፍናል። ቤታቸውን በባንክ ብድር የገዙ ሰዎች ባንኩ በጠየቀው መሠረት መድን በመግባታቸው ብቻ «ቤቴ መድን አለው» ብለው ይተማመናሉ። ባንኩ የሚጠይቀው መድን ግን በዋነኛነት ለብድሩ መያዣ የሆነውን ሕንፃ የሚጠብቅ እንጂ በሳሎን ውስጥ የተደረደረውን የሚሸጥ ጫማና ልብስ የሚመለከት አይደለም። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰውም ቢሆን አከራዩ የገባው የሕንፃ መድን የእርሱን ንብረት አይሸፍንለትም።

«የቤት ዕቃ» የሚለው አገላለጽ ራሱ ገደብ አለው። አንድ ቤተሰብ ለመገልገያ የያዘው አንድ ስልክ የቤት ዕቃ ነው። ለሽያጭ በካርቶን የተቀመጡ 40 ስልኮች ግን የንግድ ዕቃ ናቸው። ዕቃው አንድ ዓይነት ቢሆንም የተቀመጠበት ዓላማ የተለየ በመሆኑ፣ በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር የንግድ ዕቃው በቤት ዕቃ መድን ውስጥ ይካተታል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የመድን ውል የሚመራው በ1952 ዓ.ም በወጣው የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። በ2013 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ሌሎች የሕጉን ክፍሎች ሲተካ ስለ መድን የተደነገገውን ክፍል ግን ባለበት ትቶታል።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 667 መሠረት መድን የሚገባ ሰው ውሉን በሚዋዋልበት ጊዜ መድን ሰጪው ስጋቱን ለመገመት የሚረዱትንና እርሱ የሚያውቃቸውን ሁኔታዎች ሁሉ በትክክል የማስታወቅ ግዴታ አለበት። አንቀጽ 668 ደግሞ የዚህን ግዴታ መጣስ ውጤት ይደነግጋል። መድን ሰጪው ቢያውቀው ኖሮ ውሉን ለመዋዋል የማይፈቅድበትን ወይም በከበደ ሁኔታ የሚዋዋልበትን ነገር ሆን ብሎ መደበቅ ወይም በሐሰት መግለጽ ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ጉድለቱ ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ ከሆነ ግን ውሉ በዚያ ብቻ አይፈርስም፤ ካሣው በተከፈለው አረቦንና መከፈል በነበረበት አረቦን መካከል ያለው ልዩነት ታስቦ ሊቀነስ ይችላል።

ግዴታው በፊርማው ዕለት የሚያበቃ አይደለም። ሕጉ በውሉ ዘመን ውስጥ ስጋቱን የሚያሳድግ አዲስ ሁኔታ ሲፈጠር ለመድን ሰጪው ማስታወቅን ይጠይቃል። ለአብነት፣ በመስከረም ወር ቤቱን ለመኖሪያነት ብቻ አስመዝግቦ መድን የገባ ሰው በጥር ወር አንዱን መኝታ ክፍል የሽቶና የመዋቢያ ቅባት ማከማቻ ቢያደርገው፣ መድን ሰጪው ዋስ የሆነበት ቤትና አሁን ያለው ቤት በስጋት ደረጃ አንድ አይደሉም። ስለሆነም የውሉን ማደሻ ጊዜ ሳይጠብቅ ለውጡን ማሳወቅ ይኖርበታል።

ማሳወቂያው በቃል ብቻ መሆን የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1725 የመድን ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል፤ አንቀጽ 1722 ደግሞ በልዩ ፎርም እንዲደረግ የተደነገገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ለመድን ወኪል በስልክ ነግሮ «ችግር የለውም» የሚል ምላሽ ማግኘት ዋስትና አይሆንም። አስተማማኙ ሰነድ ከውሉ ጋር የሚያያዝ፣ በኩባንያው የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የውል ማሻሻያ ነው።

ዋና ዋናዎቹ የስጋት ዓይነቶች

የመጀመሪያው የእሳት ስጋት ነው። ሽቶ፣ የፀጉር ቅባትና ቀለም፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ሻማ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ናቸው። በሊቲየም ባትሪ የሚሠሩ ስልኮች፣ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮችና የመሳሰሉት ሲጎዱ፣ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ወይም ተስማሚ ባልሆነ ቻርጀር ሲሞሉ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ልብስና የማሸጊያ ካርቶን ደግሞ የተነሳውን እሳት ያስፋፋሉ። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን ጉዳቱ በአንድ ቤት ብቻ ሳይወሰን ለጎረቤትና ለጋራ መጠቀሚያዎች ይተርፋል። በደረጃና በኮሪደር ላይ የሚከማች ዕቃ ነዋሪዎች በአደጋ ጊዜ የሚወጡበትን መንገድ ስለሚዘጋ ስጋቱን ከንብረት ወደ ሕይወት ያሸጋግረዋል።

ሁለተኛው የስርቆት ስጋት ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥሩንና አልፎ አልፎም የቤቱን አድራሻ ለማያውቃቸው ሰዎች ያሰራጫል። ገዢዎችም ዕቃ ለማየትና ለመለካት ወደ ቤት ይገባሉ። ሰብሮ በመግባት ለሚፈጸም ስርቆት የሚሰጠው መድን ግን ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ሌባው በኃይል በር ወይም መስኮት ሰብሮ መግባቱን የሚያሳይ ምልክት መኖሩን በቅድመ ሁኔታነት ይይዛል። ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ ያስገባው «ገዢ» ዕቃ ይዞ ቢሰወር ወይም ሐሰተኛ የክፍያ ማረጋገጫ አሳይቶ ዕቃ ቢወስድ፣ እንዲህ ያለው ውል ጉዳቱን ላይሸፍነው ይችላል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከመርካቶ ነጋዴዎች ዕቃ በዱቤ ወይም ሲሸጥ ሒሳቡን ለማስረከብ ተረክበው የሚሸጡ አሉ። ሒሳቡ ሲሸጥ እንዲመለስ በአደራ የተሰጠ ዕቃ ንብረትነቱ የሰጪው ነው። በእሳት መድን ውሎች ዘንድ ደግሞ በአደራ ወይም በኮሚሽን የተያዘ የሌላ ሰው ዕቃ በውሉ ላይ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በሽፋኑ እንዳይካተት ማድረግ የተለመደ ነው። ዕቃው ቢቃጠል ሻጩ ካሣ ሳያገኝ የዕቃው ባለቤት የሚጠይቀውን ዕዳ ይሸከማል።

አራተኛው በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚኖር ኃላፊነት ነው። ዕቃ ለመውሰድ የመጣ ገዢ ወይም አድራሽ በደረጃው ላይ ወድቆ ቢጎዳ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2085 ደግሞ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በቤቱ ሳሙና፣ የፊት ቅባት፣ ቅመማ ቅመም ወይም የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባም። ለመኖሪያ ብቻ የተገባ መድን በንግድ ሥራ ምክንያት ለሚመጣ ኃላፊነት የተዘጋጀ አይደለም፤ ለዚህ ራሱን የቻለ የሕጋዊ ኃላፊነት መድን ያስፈልጋል።

አምስተኛው ዕቃው ከቤት ከወጣ በኋላ ያለው ስጋት ነው። የቤት መድን በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ የተወሰነ ነው። ዕቃው በመንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ቢሰበር ወይም ቢዘረፍ ጉዳዩ የጉዞ ዕቃ መድን እንጂ የቤት መድን አይሆንም። ዕቃውን በራሱ የቤት መኪና የሚያደርስ ሰውም የተሽከርካሪው መድን ለግል አገልግሎት ብቻ የተገባ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ያነሰ ዋጋ ማስመዝገብ የሚያስከትለው ጉዳት

አንዳንድ ሰዎች አረቦን ለመቆጠብ ሲሉ የንብረታቸውን ዋጋ አሳንሰው ያስመዘግባሉ። ሌሎች ደግሞ መጀመሪያ በትክክል ቢያስመዘግቡም ሸቀጡ እየጨመረ ሲሄድ የመድኑን መጠን አያሳድጉም። በሁለቱም መንገድ የንብረቱ እውነተኛ ዋጋ ከመድኑ መጠን ሲበልጥ፣ መድን ገቢው ለልዩነቱ ራሱ ዋስ እንደሆነ ተቆጥሮ ካሣው በመቶኛ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ያህል፣ የንግድ ዕቃውም በውሉ እንዲካተት ተደርጎ በቤቱ ውስጥ ያለው ንብረት በ300,000 ብር መድን ተገባለት እንበል። አደጋው በደረሰበት ዕለት ግን የቤት ዕቃውና ሸቀጡ በጠቅላላው 600,000 ብር የሚያወጣ ቢሆን፣ መድኑ የሸፈነው የንብረቱን ግማሽ ብቻ ነው። በመሆኑም የ200,000 ብር ዕቃ ቢቃጠል የሚከፈለው ካሣ 100,000 ብር ይሆናል። ብዙ መድን ገቢዎች የደረሰው ጉዳት ከመድኑ መጠን በታች እስከሆነ ድረስ ሙሉ ካሣ የሚከፈል ይመስላቸዋል፤ አሠራሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በሌላ በኩል ዋጋን አጋኖ ማስመዝገብም ጥቅም የለውም። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት መድን ጉዳትን የሚክስ ውል በመሆኑ፣ ካሣው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ዕለት ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ለንግድ ዕቃ ካሣ የሚሰላውም በአብዛኛው በመግዣ ዋጋ እንጂ ሻጩ ሊያገኝ ባሰበው ትርፍ ጭምር አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የኢንተርኔት ንግድ ቀደም ብሎ በተስፋፋባቸው አገሮች የመድን ውሎች ጉዳዩን በግልጽ ገደብ ይዘውታል። በአሜሪካ በርካታ መድን ሰጪዎች መሠረት የሚያደርጉት መደበኛ የቤት ባለቤቶች የመድን ቅጽ እ.ኤ.አ በ2011 እትሙ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለሚገኝ የንግድ ንብረት የሚከፈለውን ካሣ እስከ 2,500 ዶላር፣ ከቤት ውጪ ላለው ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ወስኖታል። ከዋናው ቤት ተለይቶ የተሠራ ጋራዥ ወይም መጋዘን ንግድ የሚካሄድበት ከሆነም ሕንፃው ራሱ ከሽፋን ውጪ ይሆናል። በንግድ ሥራ ምክንያት የሚመጣ ኃላፊነትም በመርህ ደረጃ አይሸፈንም፤ ሆኖም ከውሉ ዘመን በፊት በነበሩት 12 ወራት ከ2,000 ዶላር ያልበለጠ ገቢ ያስገኘ ሥራ እንደ ንግድ እንዳይቆጠር ቅጹ ይፈቅዳል። በዚያ አገር የሚኖሩና ባህላዊ አልባሳትን፣ ቡናንና ቅመማ ቅመምን ከቤታቸው የሚሸጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የየራሳቸውን ውል ገደብ ማንበብ ይጠቅማቸዋል።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ በ2012 የወጣው የሸማቾች የመድን ሕግ መድን ገቢው የተሳሳተ መረጃ ላለመስጠት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ስህተቱ ሆን ተብሎ ወይም ውጤቱን ባለመጨነቅ የተፈጸመ ከሆነ መድን ሰጪው ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ በቸልተኝነት ብቻ የተፈጸመ ከሆነና መድን ሰጪው እውነቱን ቢያውቅ ከፍ ያለ አረቦን ብቻ ይጠይቅ የነበረ ከሆነ ግን ካሣው በተመጣጣኝ መጠን ይቀነሳል። ሆን ብሎ በመደበቅና ባለማወቅ በመሳሳት መካከል ልዩነት በማድረጉ የእኛ የንግድ ሕግም በ1952 ዓ.ም ከያዘው መርህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በቤት ውስጥ መነገድ መድን ከማግኘት አያግድም፤ በተጨማሪ አረቦን ሽፋኑን ማስፋት ወይም ለንግዱ የተለየ መድን መግዛት የተለመደ አሠራር ነው። ሽፋኑን የሚያሳጣው መነገዱ ሳይሆን አለማሳወቁ ነው።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ከቤቱ በኢንተርኔት የሚሸጥ ማንኛውም ሰው የሚከተሉትን ተግባራት ቢፈጽም ራሱንና ቤተሰቡን ከአላስፈላጊ ኪሣራ ይጠብቃል፦

1. የመድን ውሉን ሙሉ ቃል፣ በተለይም የማይሸፈኑ ጉዳዮችን የሚዘረዝረውን ክፍልና የቤቱን አገልግሎት የሚገልጸውን መስመር ማንበብ፤

2. የሚሸጠውን የዕቃ ዓይነት፣ በቤት ውስጥ የሚከማቸውን ከፍተኛ መጠንና ዋጋ፣ ገዢዎች ወደ ቤት የሚመጡ መሆን አለመሆኑን ገልጾ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማስታወቅና ደብዳቤው ገቢ የሆነበትን ማስረጃ መያዝ፤

3. ሽፋኑ የንግድ ዕቃን፣ በአደራ የተያዘ ዕቃን፣ ስርቆትንና ሕጋዊ ኃላፊነትን እንዲያካትት መጠየቅ፣ የተስማሙበትንም በውል ማሻሻያ ማጻፍ፤

4. በበዓላት ሰሞን እንደሚሆነው ሸቀጥ በሚበዛበት ወቅት የመድኑን መጠን አስቀድሞ ማሳደግ፤

5. የግዢ ደረሰኞችን፣ የዕቃ ዝርዝርንና ፎቶግራፎችን ማዘጋጀት፣ ቅጂያቸውንም ከቤት ውጪ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ማስቀመጥ። ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ከተቃጠለ የጉዳቱን መጠን ማስረዳት አዳጋች ይሆናል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠ በመሆኑ የሽያጭ መልእክቶችንና የክፍያ ማረጋገጫዎችን መጠበቅም ይጠቅማል፤

6. የሚቀጣጠሉ ዕቃዎችን ከምድጃና ከኤሌክትሪክ መስመር ማራቅ፣ ሌሊት ባትሪ አለመሙላት፣ መውጫ መንገዶችን ክፍት ማድረግና የእሳት ማጥፊያ መያዝ፤

7. ከተቻለ ዕቃን ለገዢ ከቤት ውጪ ማስረከብና የመኖሪያ አድራሻን ለሕዝብ አለማሰራጨት።

አደጋ ከደረሰ በኋላም ጉዳቱ እንዳይስፋፋ መከላከል፣ ስርቆት ሲሆን ወዲያውኑ ለፖሊስ ማመልከት፣ ለመድን ሰጪውም በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በ2 ዓመት በይርጋ የሚታገድ በመሆኑ፣ የካሣ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው ጉዳዩን ማዘግየት የለበትም።

የሚመለከታቸው አካላት ድርሻ

ኃላፊነቱ በሻጮች ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጡና አነስተኛ ተቋማትን የሚደግፉ ጽሕፈት ቤቶች ወደ ዘርፉ ለሚገቡ ዜጎች ከምዝገባና ከግብር ጋር ስለ መድንም አጭር ገለጻ ቢሰጡ ጠቀሜታው የጎላ ነው። መድን ሰጪዎች በማመልከቻ ቅጾቻቸው ላይ «በቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ይከማቻል ወይ?» የሚል ቀጥተኛ ጥያቄ ቢያካትቱ፣ ውሉንም ደንበኛው በሚረዳው ቋንቋ ቢያዘጋጁ ብዙ ክርክር ከመነሻው ይቀራል። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋሙ የቤት ባለቤቶች ማኅበራትም በጋራ መተላለፊያዎች ላይ ዕቃ እንዳይከማች በመተዳደሪያ ደንባቸው ወስነው መቆጣጠር ይችላሉ።

በመኖሪያ ቤት የሚካሄድ የኢንተርኔት ንግድ ለብዙ ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ ሆኗል። አንድ ሌሊት በሚነሳ እሳት የንግዱ ካፒታልና የቤተሰቡ ንብረት በአንድነት ሊጠፉ የሚችሉት ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር በመሆናቸው ነው። ለመድን ሰጪው የሚጻፍ አንድ ገጽ ደብዳቤና በዚያ ምክንያት የሚጨመረው አረቦን ከዚህ ኪሣራ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ አነስተኛ በመሆናቸው፣ ከቤታቸው የሚሸጡ ወገኖች የመድን ውላቸውን ዛሬውኑ አውጥተው ሊመረምሩት ይገባል።